750 ወይስ 825? ለአይሱዙ ቀጭን ጎማ ይሻላል ወይስ ሰፊ?

ጥያቄው ከአጋሮ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ጎማው 750-16 ነው፣ ከኋላ ድርብ። ከገራ የገጠር ቀበሌዎች ቡና እየጫንኩ አጋሮና ጅማ አራግፋለሁ፤ በወር አንድ ሁለቴ አዲስ አበባ እደርሳለሁ። ባዶው 3,100 ኪሎ ነው፣ 45 ኩንታል እጭናለሁ። ሚዛን ላይ ሳወጣው የኋላው ብቻ 5,000 ኪሎ መጣ። ባለፈው ክረምት ጭቃ ደጋግሞ ያዘኝ። ጎማ ሻጩ 825-16 አስገባ፣ ሰፊ ስለሆነ ጭቃ አይይዝህም፣ ጭነትም ትጨምርበታለህ ይለኛል። አንድ የቆየ ሹፌር ደግሞ ለጭቃ ቀጭን ጎማ ነው የሚሻለው ይላል። ስድስቱንም ልቀይር ነው፤ የትኛውን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ መልሴ 750 ላይ ቆይ ነው። (ለማያውቅ፦ 750 የጎማው ወርድ 7.50 ኢንች ነው ማለት ነው፤ 16 ደግሞ የቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ልክ በኢንች ነው።) ለሰፊ ጎማ ልታወጣው ያሰብከውን ገንዘብ ጥሩ ጥርስ ባለው የኋላ ጎማ፣ በአየር መለኪያና በአንድ ጥንድ ሰንሰለት ላይ አውለው። ሻጩም ሹፌሩም አልዋሹህም፤ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን መንገድ እያሰቡ ነው የነገሩህ። ላንተ ጉዳዩን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከጭቃው ሥር ያለው መሬትና የኋላ አክስልህ ላይ ያረፈው ኪሎ። ኪሎውን መዝነህ መላክህ በጣም ረድቶኛል፤ ብዙ ሰው የኩንታሉን ቁጥር ብቻ ነግሮኝ ጎማ ምረጥልኝ ይለኛል።

ከጭቃው ልጀምር። በእኛ አካባቢ መኪና የሚይዘው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ድጥና ማጥ። ድጥ ማለት ጠጠር ፈሶበት፣ ተረግጦ የጠነከረ ፒስታ ላይ ዝናብ ሲወርድ ከላይ የሚተኛው ስስ ቀይ ጭቃ ነው። ከጣት ውፍረት እስከ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። እዚህ ላይ ጎማው ማድረግ ያለበት ጭቃውን ቆርጦ ወርዶ ጠንካራውን መንካት ነው። ቀጭን ጎማ ይህን በደንብ ያደርገዋል፤ ፊቱ ጠባብ ስለሆነ የሚገፋው ጭቃ ትንሽ ነው። ሰፊው ጭቃውን በቶሎ መግፋት ስለማይችል ላዩ ላይ ይቀመጥና ይንሸራተታል። ማጥ ሌላ ነው። ውሃ የሚተኛበት ረግረግ፣ ቦይ ያልተቆረጠለት የእርሻ መግቢያ፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በር ላይ መኪና እየተመላለሰ ያቦካው ቦታ። ሥር የለውም፤ የቱንም ያህል ብትወርድ ጠንካራ አታገኝም። እዚያ መንሳፈፍ እንጂ መቁረጥ አይጠቅምም፤ ሰፊ ጎማ ዋጋ የሚኖረውም እዚያ ነው።

የትኛው እንደሚይዝህ ለማወቅ አትገምት። ከሚያስቸግርህ ቦታ አንዱ ጋ ስትደርስ ውረድና የጎማው ቦይ ውስጥ ፌሮ ውጋ። በስንዝር ርቀት «ቋ» ካለ ድጥ ነው። ክንድህን ያህል ወርዶ ዝም ካለ ማጥ ነው፤ እንዲህ የጠለቀውን ቦታ ደግሞ ጎማ ብቻውን አያሻግርም፤ ዲፈረንሻልህ (የኋላ አክስልህ መሃል ያለው እብጠት) መሬት ላይ ይቀመጣል። 825 ማስገባት ዲፈረንሻልህን ከመሬት ከፍ የሚያደርገው በ2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ የ750 ቁመት 805፣ የ825 ደግሞ 855 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ አክስሉ የሚነሳው በልዩነቱ ግማሽ ነው። እኔ የማውቀው የገራ፣ የጎማና የማና ወረዳዎች የገጠር መንገድ በአብዛኛው ጠጠር የለበሰ ነው፤ ክረምት ላይ ሹፌሩን የሚያሰቃየው ዳገት ላይ ያለው ድጥ ነው። ማጡ መጫኛ ቦታ አካባቢ ጥቂት ሜትር ላይ ይገኛል። ለዚያች ጥቂት ሜትር ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ጎማ አይመረጥም። ከባለ ማጠቢያው ጋር ተነጋግራችሁ ሁለት ቢያጆ ድንጋይና ጠጠር ብታፈሱበት ከስድስት ጎማ ይረክሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሰፊ ጎማ መሬቱን በሰፊው ስለሚረግጥ የበለጠ ይይዛል ይባላል። ጎማ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ስፋት ግን በዋናነት የሚወሰነው በጭነቱና በውስጡ ባለው አየር ነው። ያንተን ብናሰላው፣ አንድ የኋላ ጎማ 1,250 ኪሎ ተሸክሞ 7 ባር አየር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ካለው መሬት የሚነካው ወደ 175 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ጎማውን ሰፊ ብታደርገውና ጭነቱም አየሩም ያው ቢሆን፣ አሁንም ወደ 175 ነው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ቀጭኑ ጠበብ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፤ ሰፊው በወርዱ ይሰፋና ያጥራል። ዳገት ላይ ረዘም ያለው ይሻልሃል፤ ብዙ ጥርስ በተከታታይ መሬቱን ስለሚቆነጥጥ። ሰፊ ጎማ በእርግጥ የሚያንሳፍፈው አየሩን ዝቅ ስታደርግለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ያንተ መኪና ችግር አለበት፤ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ስለሆነ እንደ ትልቆቹ የአየር ጋን የለውም። ገራ ውስጥ አየሩን ብታስተነፍስ የምትሞላበት የለህም፤ ጭነህ ባነሰ አየር አስፋልት ላይ ብትወጣ ጎማው ይጋይብሃል። ስለዚህ የሰፊውን ዋና ጥቅም አንተ በተግባር አታገኘውም።

ወደ ጭነቱ እንሂድ፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባለ 14 ፕላይ (የጥንካሬው ደረጃ ነው) 750-16 ራዲያል ጎማ ጎኑ ላይ ብዙውን ጊዜ 122/118 የሚል ታገኛለህ። የመጀመሪያው ጎማው ብቻውን ሲሆን ነው፣ 1,500 ኪሎ። ሁለተኛው ድርብ ሲሆን ነው፣ 1,320 ኪሎ። ድርብ ሲሆን የሚቀነሰው ሁለቱ ጎማዎች መቼም እኩል ስለማይሸከሙ ነው። ከኋላ አራት አሉህ፤ 5,280 ኪሎ ይችላሉ። የመዘንከው 5,000 ነው። ጠቅላላው 7,600 ስለሆነ ከፊት 2,600 ቀርቷል፤ ለእያንዳንዱ 1,300፣ እሱም ከ1,500 በታች ነው። ይበቃል ማለት ነው፤ ሰፋ ያለ ትርፍ ግን የለህም። ደግሞም ይህ ቁጥር የሚሠራው አየሩ አምራቹ ያለው ሲሆን ነው፣ ለነዚህ ጎማዎች አብዛኛውን ጊዜ 7.7 ባር። አየሩ 6 ባር ላይ ከወረደ የአንዱ አቅም ወደ 1,100 ኪሎ ይወርዳል፤ አራቱ 4,400። ሚዛኑ ላይ ያየኸው 5,000 ነው። ጎማው ሳይፈነዳ ይቆይ ይሆናል፤ ውስጡ ግን በየኪሎሜትሩ እየጋለ፣ ሽቦውና ላስቲኩ እየተላቀቁ ነው የሚሄደው።

825-16 በአብዛኛው 128/124 ይጻፍበታል፤ ድርብ ሲሆን 1,600፣ አራቱ 6,400 ኪሎ። ሻጩ ጭነት ትጨምራለህ ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው። እኔ የምፈራውም ይህንኑ ነው። ጎማው ቢችል ባሌስትራው፣ አክስሉ፣ የጎማው ኩሽኔታና ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው። 45 ኩንታል 60 ሲሆን ጎማው ይስቃል፣ ፍሬኑ ነው የሚያለቅሰው። መኪናው ሲሠራ የተወሰነለት ጠቅላላ ክብደት በር ላይ ወይም ጋቢናው ውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ አለ፤ ጎማ ስትቀይር ያ ቁጥር አይቀየርም። አሁን የምትጭነውን ራሱ ከሰሌዳው ጋር አስተያየው።

ስለ ፍሬን ካነሳሁ ልጨርሰው። 825 በቁመት ከ750 በ6 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ማርሽህ በ6 በመቶ ረዘመ ማለት ነው። ከጊቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ተጭነህ ስትወጣ በሦስተኛ የምትወጣውን በሁለተኛ ልትወጣ ነው። ፍሬኑም ያው ዘይትና ያው ሸራ ሆኖ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያህ 60 ሲልህ የምትሄደው 64 ነው። ድልድዩ ያለው ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር ላይ ነው፤ ከጅማም ከወልቂጤም በኩል ብትመጣ ረጅም ቁልቁለት ትወርዳለህ። ፍሬኑ ግሎ በሚደክምበት በዚያ ቁልቁለት ላይ 6 በመቶ መቀነስን እኔ ለማንም አልመክርም።

ቸርኬውም አለ። 750-16 የሚገባበት የተለመደው ቸርኬ 6.00 ነው፤ ለ825-16 የሚመከረው 6.50 ነው፤ ቁጥሩ ቸርኬው ላይ ተመትቷል፣ ቆሻሻውን ጠርገህ አንብበው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ሲገባ ጎኑ ያብጣል፣ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ ኩርባ ላይም ይወዛወዛል። ከሁሉ የሚብሰው የኋላው ድርብ ነው። ሁለቱ ቸርኬዎች የተቀራረቡት ለ750 ወርድ ተብሎ ነው። 825 ስታስገባበት ባዶውን ሲቆም ክፍተት ያለ ይመስላል፤ 45 ኩንታል ጭነህ ከታች በኩል ጎንበስ ብለህ እይ። ጎማ ከመሬት ጋር በሚነካካበት ቦታ ጎኑ ወደ ውጭ ይለጠጣልና ሁለቱ ይሳሳማሉ። ጎን ለጎን ሲፋተጉ ላስቲኩ ይላጣል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ጭቃና ድንጋይ መሃላቸው ይቀረቀራል። እንዲህ ተላልጦ ሽቦው የታየ የውስጥ ጎማ እዚህ ጅማ ሂርማታ መርካቶ ጎሚስታዎች ጋ ብትጠይቅ አውጥተው ያሳዩሃል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ሲፈነዳ ነው፤ የውስጡን ጎማ ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። ሰንሰለት ልታስር ስትል ደግሞ ማሳለፊያ ክፍተት የለህም። ከፊት በኩልም መሪውን እስከ መጨረሻ ስታዞር ፓራፋንጎውን ወይም የመሪውን ዘንግ ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ የጥያቄህ ትክክለኛ መልስ ወርድ ላይ ሳይሆን ጥርስ ላይ ነው ያለው። ከፊት ቀጥ ያለ መስመር ያለውን ግዛ፤ መሪው ይታዘዛል፣ አስፋልት ላይም ቶሎ አይበላም። ከኋላ ትከሻው ላይ ትልልቅ ጥርስ፣ መሃሉ ግን የተያያዘ፣ ለአስፋልትና ለፒስታ የሚሆን ቅይጥ ውሰድ። ሙሉ በሙሉ የተበጣጠሰ የጭቃ ጥርስ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው አይሆንም፤ ይጮኻል፣ ይግላል፣ አስፋልት ይበላዋል። ጥርሱ ውስጥ ያለውን ቦይ ተመልከት፤ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ቀይ ጭቃ ሲዞር ይረግፍለታል፤ ጠባብና የተዘጋ ከሆነ በሁለት ዙር ይሞላና ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ሰንሰለቱን የውጭው ድርብ ላይ አስረው፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት። መንሸራተት ከጀመርክ በኋላ ለማሰር መሞከር መኪናውን ቦይ ውስጥ ይከተዋል። ክረምት ላይ ከፒስታ ወደ አስፋልት ስትወጣ ደግሞ ተጠንቀቅ፤ መኪኖች በጎማቸው ያወጡት ቀይ ጭቃ መገንጠያው ላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ትንሽ ሲያካፋ እንደ ሳሙና ነው።

አየር። ረዳትህ ጎማውን በብረት እየመታ «ደህና ነው» ይልሃል፤ በድምፅ 5 ባርን ከ7 ባር የሚለይ ጆሮ የለም። መለኪያ ግዛ። ለውስጠኛው ድርብ ረዘም ያለ የአየር ማስገቢያ አስቀጥል፤ ካልደረስክበት አትለካውም። ስትለካ ጠዋት፣ ሳትነሳ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። ጎማ ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ሲግል በ7.7 ባር የተነፋው ወደ 8.6 ይወጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሹፌር ጊቤ ወርዶ ጎማው ሲተኩስ «አየር በዛበት» ብሎ ያስተነፍሳል። ወልቂጤ ደርሶ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ያድራል፤ በማግስቱ የበለጠ ይግላል፤ እንደገና ያስተነፍሳል። እባክህን የጋለ ጎማ አታስተንፍስ። በጣም ከጋለ ቁም፣ ጥላ ፈልግ፣ ከበረደ በኋላ ለካ፤ የጋለው ጭነት በዝቶበት፣ አየር ጎድሎት ወይም ፍሬን ይዞት ነው።

ከጥርሳቸው በቀር የምትገዛቸው ስድስቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ስኮርታውም (ትርፍ ጎማው) እንዲሁ። ራዲያል (ባለ ሽቦውን) እና ናይለን (ባለ ክሩን) አትቀላቅል፤ በመጠኑ ቁጥሮች መሃል «አር» የሚል ፊደል ካለ ራዲያል ነው። አንድ ድርብ ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች በቁመት ከ6 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለባቸውም፤ ዙሪያቸውን በሜትር ብትለካ ልዩነቱ 19 ሚሊሜትር ነው። የተበላ ጎማ አጠገብ አዲስ ብታስገባ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል፤ ያኔ ረጅሙ የሁለቱን ጭነት ለብቻው ይሸከማል፣ አጭሩ እየተጎተተ ይላጣል። ትንሽ ከተለያዩ ረጅሙ ከውጭ ይግባ። ከመነዳሪውም (አየሩን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) አዲስና የዚያው መጠን ይሁን፤ አሮጌ ከመነዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ ታጥፎ ይቀደዳል። ጎኑ ላይ የአራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፤ ርካሽ ነው ብለህ አትውሰድ።

ሲኖትራክና ተሳቢ የምትነዱ በዚህ አጋጣሚ የምትጠይቁኝ 1000-20፣ 1100-20 እና 1200-20 ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ቸርኬው 7.5፣ 8.0፣ 8.5 እያለ ይሄዳል፣ የድርቡም ክፍተት አብሮ መስፋት አለበት። ልዩነቱ እናንተ አየር የምትሞሉበት አላችሁ፤ የድርብ ጎማዎቹም የቁመት ልዩነት እስከ 12 ሚሊሜትር ይፈቀዳል። ለተሳቢ የሚሠራው ሰፊ ነጠላ ጎማ፣ 385/65-22.5፣ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፤ ፒስታ ላይ ግን የሌሎች መኪኖች ድርብ ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ አይገጥምም፣ ሲፈነዳም የሚያግዘው ጎረቤት የለውም።

ወንድሜ፣ ፌሮውን ወግተህ መንገድህ በእርግጥ ማጥ ሆኖ ካገኘኸው፣ አዲስ አበባ መሄዱንም ከተውክ፣ 825 ሊያዋጣህ ይችላል። ያኔ ግን ስድስቱንም ከስኮርታው ጋር፣ 6.50 ቸርኬና ትክክለኛ የድርብ ክፍተት ይዘህ ግባ፤ ጭነቱም 45 ላይ ይቆይ። ጎማውን ብቻ ገዝተህ በድሮው ቸርኬ ላይ እንዳታስገባው።

የትኛውንም ብትገዛ ጎሚስታው ጋ ስትሄድ ይህን ተከታተል። የዚህ መኪና ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ይፈናጠራል፤ ሰው ይገድላል። ሲሞላ በብረት ማገጃ ውስጥ ይሁን፤ ካልሆነም በሰንሰለት ታስሮ፣ ቀለበቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ማንም ፊት ለፊቱ ሳይቆም። የዛገ ወይም የተጣመመ ቀለበት መልሰው እንዲገጥሙ አትፍቀድ፤ በመዶሻ ማስተካከል የለም። ድርቡን ለመፍታት ዳዶ ከመንካታችሁ በፊት የሁለቱንም አየር አስወጡ። ልጆችና ረዳትህ ከአካባቢው ይራቁ።

ዳዶዎቹ በመስቀል አቅጣጫ፣ ተራ በተራ ይጥበቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄድክ በኋላ ቁምና ሁሉንም እንደገና አጥብቅ፤ ከአጋሮ ተነስተህ ጅማ ስትገባ ጊዜው ቀርቧል።